ከባሕር ማዶ መጥታ የአገር ልጅ የሆነች ዜማ
(የባሊዴዝመንድ ፖልካና የባለቤቶቿ ታሪክ)

ማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓሉን ምክንያት በማድረግ በሚያሳትመው በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ማኅበሩ አመሠራረት፣ ስለ ዕድሩና ስለ ልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት ሌሎች ወንድሞችና እኅቶች በሰፊው ስለሚጽፉ፣ እኛ የተሰጠንን ገጽ በሌላ ሕዝብ ታሪክ ልንሞላው መርጠናል። የምንጽፈውም ስለ አንዲት የአየርላንድ የጭፈራ ዜማ ነው። «የሰው አገር ዘፈን ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን አገር ለቅቆ በሰው አገር መኖርን፣ በዚያም ሆኖ ያባትን ዜማ ለልጅ ማውረስን በተመለከተ ከእኛ ብዙ ዘመን ቀድሞ የተፈተነ ሕዝብ ቢፈለግ አየርላንዳውያን ከፊተኞቹ መካከል ይቆጠራሉ። ደግሞም በዚህ በምሥራቅ አፍሪካ እንግዶች አይደሉም። ከ1921 ጀምሮ በናይሮቢ ትምህርት ቤት የከፈቱት የሎሬቶ እኅቶች ከአየርላንድ የመጡ መነኮሳት ነበሩ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እናሳስባለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፖልካ ከየት መጣ?

በ1997 የወጣውን «ታይታኒክ» የተባለውን ፊልም ያላየ ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት ነው። በዚያ ፊልም ላይ ወጣቱና ወጣቲቱ በመርከቡ የታችኛው ክፍል፣ በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች መካከል እየተሽከረከሩ ሲጨፍሩ እናያለን። እዚያ ከሚሰሙት ዜማዎች አንዱ «የጆን ራያን ፖልካ» የሚባል የአየርላንድ ባሕላዊ ዜማ ነው። እንግዲህ ብዙዎቻችን ስሙን ሳናውቀው የአየርላንድን ፖልካ በጆሮአችን አውቀነዋል ማለት ነው።

ሆኖም ፖልካ በትውልዱ የአየርላንድ አይደለም። የተገኘው በ1830ዎቹ ዓመታት በቦሄሚያ፣ ማለትም ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምንላት አገር ነው። የስሙን ትርጉም በተመለከተ ሁለት ሐሳብ አለ። አንዳንዶቹ በቼክ ቋንቋ «ግማሽ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይላሉ፤ የጭፈራው እርምጃ አጭር፣ ግማሽ እርምጃ ስለሆነ ነው። ሌሎቹ ደግሞ «የፖላንድ ሴት» ማለት ነው ብለው፣ በ1830 በሩሲያ አገዛዝ ላይ ለተነሣው የፖላንድ ሕዝብ መታሰቢያ እንዲሆን የተሰጠ ስም ነው ይላሉ።

ጭፈራው ከገጠር ወደ ፕራግ ከተማ ገባ፤ በ1840 አንድ የፕራግ የጭፈራ መምህር ፓሪስ ላይ አሳየው፤ በ1844 ፓሪስና ሎንዶን በፖልካ አበዱ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነጋዴው ሁሉ በዕቃው ላይ የፖልካን ስም ይለጥፍ ጀመር። ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው እንግሊዞች ነጠብጣብ ያለበትን ጨርቅ እስከ ዛሬ «የፖልካ ነጥብ» ይሉታል። ስሙ የመጣው ጨርቁ ከጭፈራው ጋር ግንኙነት ስላለው ሳይሆን በዚያ ዘመን ፖልካ የተባለ ነገር ሁሉ ይሸጥ ስለነበር ነው።

ከሎንዶን አየርላንድ ሩቅ አይደለም። አየርላንድ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። የእንግሊዝ ወታደርና የጭፈራ መምህር በገባበት ሁሉ ፖልካም አብሮ ገባ። የጭፈራ መምህራኑ ከሰፈር ሰፈር እየዞሩ ለገበሬው ልጅ ሁሉ እርምጃ የሚያስተምሩ ሰዎች ነበሩ። ከፈረንሳይ የመጣው በአራት ጥንዶች የሚጨፈረው ጭፈራም በእነርሱ በኩል ገጠር ደርሶ ነበርና፣ ሁለቱ ተጋቡ። የፈረንሳይ ቅርጽ፣ የቦሄሚያ ምት፣ የአየርላንድ ዜማና እግር አንድ ላይ ሆነው ዛሬ «የፖልካ ሴት» የሚባለው የኮርክና የኬሪ አውራጃዎች ጭፈራ ተወለደ። እዚህ ላይ «ሴት» ማለት በእንግሊዝኛ አንድ ላይ የተቀናጀ ነገር ማለት ነው እንጂ የእኛ ሴት አይደለም።

ዜማው እንዴት ተሠርቷል?

ለሙዚቃ ባለሙያ ሳይሆን ለቤተሰብ ስለምንጽፍ ነገሩን በአጭሩ እናስረዳለን። ፖልካ በሁለት ምት የሚሄድ ፈጣን ዜማ ነው፤ እግር «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» እያለ ይከተለዋል። አንዱ ዜማ ሁለት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል 8 መስፈሪያ ይይዛል፤ የመጀመሪያው ክፍል ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ሁለት ጊዜ ይመታል። ድምሩ 32 መስፈሪያ ይሆናል። ሁለተኛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ከፍ ይላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ በታች ስለሚያልቅ ተጫዋቾቹ ዜማውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ደግመው፣ ጨፋሪው ሳይቆም ወደ ሌላ ፖልካ ይሻገራሉ። ስለዚህ ፖልካ ብቻዋን አትሄድም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይመጣሉ።

የአየርላንድን ፖልካ ከቦሄሚያው የሚለየው አጨዋወቱ ነው። የኬሪና የኮርክ ቫዮሊን መቺዎች ኃይላቸውን በከባዱ ምት ላይ ብቻ አያሳርፉም፤ በመካከል ያለውን ደካማውን ምት ቀስቱን ጫን አድርገው ያነሡታል። በዚህም ምክንያት ዜማው ከመሬት የሚያፈናጥር ይሆናል። የቆየ ጨፋሪ ተቀምጦ ሊያዳምጠው አይችልም ይባላል።

«የባሊዴዝመንድ ፖልካ» በሚል ስም የሚታወቁት ዜማዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ተጫዋቾች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ በቁጥር ይለዩአቸዋል። የአቀናባሪ ስም የላቸውም፤ ከእጅ ወደ እጅ የመጡ ናቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ለቅሶም ፌሽታም በማይባል ቅኝት የተሠሩ ስለሆኑ፣ እግር ሲጨፍር ልብ ትንሽ ቅር ይለዋል። ለጀማሪ ስለማይከብዱ ዛሬ በየአገሩ የአየርላንድ ቫዮሊን የሚማሩ ልጆች መጀመሪያ ከሚማሩአቸው ዜማዎች መካከል ናቸው። ታዲያ በዓለም ያሉ ልጆች ሁሉ ስሟን የሚጠሯት ይህች ባሊዴዝመንድ ማን ናት?

የቄጠማ ተራራ

በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ የኮርክና የኬሪ አውራጃዎች በሚዋሰኑበት ደጋ ላይ ሽሊቭ ሉኽራ የሚባል አገር አለ። በአየርላንድኛ ቋንቋ «የቄጠማ ተራራ» ማለት ነው። ስሙ እንደሚናገረው ረግረግ የበዛበት፣ ዝናብ የማያጣው፣ ለእርሻ የማይመች መሬት ነው። በካርታ ላይ ተለይቶ የተሠመረ ወሰን የለውም። ወሰኑን የሚያውቁት ሙዚቀኞቹ ናቸው ይባላል።

መሬቱ ደሀ ይሁን እንጂ ሕዝቡ የቃል ሀብታም ነበር። በአየርላንድኛ ቋንቋ ከጻፉት ታላላቅ ባለቅኔዎች ሁለቱ፣ ኤጋን ኦራሂሊና በ1784 ያረፈው ኦወን ሩዋ ኦሱሊቫን፣ ከዚሁ ደጋ የወጡ ናቸው። እንግሊዝኛ የአየርላንድኛን ቋንቋ ከአብዛኛው አገር እየገፋ ሲሄድ ቅኔው ቀስ በቀስ ከሕዝቡ አፍ ጠፋ፤ ዜማው ግን ቃል ስለማያስፈልገው ቀረ።

ሁለት ስም ያላት መንደር

ባሊዴዝመንድ የብላክዋተር ወንዝ ከምንጩ ብዙ ሳይርቅ በሚያልፍበት ቦታ የተቆረቆረች ትንሽ መንደር ናት። ወንዙን ተሻግረው ኬሪ ይገባሉ። መንደሪቱ ግን በዚህ ስም አልተወለደችም።

በ1820ዎቹ መጀመሪያ በዚህ አካባቢ ረሃብና ሁከት ስለነበረ የእንግሊዝ መንግሥት ሪቻርድ ግሪፊዝ የተባለውን መሐንዲስ ልኮ በረግረጉ ላይ መንገድ አሠራ። ከዚያም በ1830ዎቹ በዘውዱ መሬት ላይ ለሌላው አርአያ የምትሆን መንደር ትቆርቆር ተባለ። ስሟም በዚያን ጊዜ በዙፋን ላይ በነበረው በንጉሥ ዊልያም አራተኛ ስም «ኪንግዊልያምስታውን» ተባለች፤ የንጉሥ ዊልያም ከተማ ማለት ነው። ቤትና መንገድ ተሠራ፤ እርሻው እንዲሻሻል ተሞከረ።

ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጣውን መቅሠፍት ይህ ሁሉ አላቆመውም። በ1845 የድንች በሽታ ገባ። የድሀው ምግብ ድንች ብቻ ነበርና እስከ 1850ዎቹ መጀመሪያ ድረስ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተሰደደ። ከዚያ በፊት ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የአየርላንድ ሕዝብ እስከ ዛሬ ድረስ ወደዚያ ቁጥር አልተመለሰም። ፓሪስና ሎንዶን በፖልካ ባበዱ በዓመቱ ነበር ረሃቡ የገባው። ከኪንግዊልያምስታውንም መንግሥት ራሱ የጉዞውን ወጪ ከፍሎ ቤተሰቦችን ወደ አሜሪካ ሰድዷል። ስለ ረሃብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1985 ለወገኖቻችን ዓለምን ያስተባበረው ቦብ ጌልዶፍም የደብሊን ልጅ መሆኑን ግን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ተገቢ ነው።

አየርላንድ በ1922 ራሷን ካስተዳደረች በኋላ የእንግሊዝ ነገሥታት ስም ከየቦታው መነሣት ጀመረ። ኪንግዊልያምስታውንም የንጉሡን ስም ጥላ ባሊዴዝመንድ ተባለች። ዴዝመንድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ላይ ተነሥተው መሬታቸውን የተነጠቁት የደቡብ አየርላንድ መሳፍንት መጠሪያ ነው። የመጨረሻው ዐመፀኛ የዴዝመንድ መስፍን በ1583 በኬሪ ተራራ ውስጥ ተይዞ ተገደለ። እንግዲህ «የባሊዴዝመንድ ፖልካ» ሲባል ስሙ ከዜማው ጋር የተነጠቀውን መሬትም ያስታውሳል።

የአሜሪካ ለቅሶ

ረሃቡ ካለፈም በኋላ ስደቱ አላባራም። መሬቱ ለአንድ ልጅ እንጂ ለሁሉም አይበቃምና የቀሩት ወንድሞችና እኅቶች ለመርከብ የሚሆን ገንዘብ ከተገኘ ይሄዱ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የምትልከው ቀድማ የሄደች እኅት ነበረች። ይህን ነገር የማያውቅ በመካከላችን የለም።

ልጅ ሊሄድ ሲል ከመሄዱ በፊት ባለው ሌሊት ጎረቤት ሁሉ በቤቱ ይሰበሰብ ነበር። ይህን ሌሊት «የአሜሪካ ለቅሶ» ይሉት ነበር። ለሞተ ሰው ሌሊቱን እንደሚቀመጡ ሁሉ ለሚሄደውም ይቀመጡ ነበርና። የሄደው እንደማይመለስ ያውቁታል። ስለዚህ እናት በአንድ ጥግ ታለቅሳለች፤ በወጥ ቤቱ ድንጋይ ወለል ላይ ደግሞ ወጣቱ ፖልካ ይጨፍራል። ሊነጋ ሲል ሙዚቃው ይቆምና መንገደኛውን እስከ መንገዱ ይሸኙታል። እንግዲህ ይህ ፈጣንና ደስ የሚል ዜማ በስንት እንባ መካከል እንደ ተመታ አንባቢ ይገምት።

በ1912 ሚያዝያ ወር ከኪንግዊልያምስታውንና ከአካባቢዋ የተነሡ ጥቂት ወጣቶች እንዲህ ተሸኝተው በሚሄዱበት ዘመን ወደ ወደብ ወረዱ። ወደቡም በንግሥት ቪክቶሪያ ስም ኩዊንስታውን የተባለው፣ ዛሬ ኮቭ የሚባለው የኮርክ ወደብ ነው። በንጉሥ ስም ከተጠራች መንደር ወጥተው በንግሥት ስም ከተጠራ ወደብ የተሳፈሩባት መርከብ ታይታኒክ ነበረች። ሚያዝያ 11 ቀን ከወደቡ ተነሣች፤ ሚያዝያ 15 ቀን ከሌሊቱ ሰጠመች። ከ1500 ሰው በላይ አለቀ። ከመንደሪቱ ልጆች ዳንኤል በክሊ የተባለው ወጣት በነፍስ አድን ጀልባ ተርፎ በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች የደረሰባቸውን መሰከረ። ወደ ላይ የሚያወጣው በር ተዘግቶባቸው እንደነበረም ተናገረ። ይህ ወጣት ከባሕር ተርፎ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ወታደር ሆኖ በ1918 ፈረንሳይ ላይ ተገደለ።

በዚያችው መርከብ ላይ ዩጂን ዴሊ የተባለ ከአትሎን ከተማ የመጣ የአየርላንድ ዋሽንት ከረጢት ነፊ ነበረ፤ መርከቧ ከወደብ ስትለቅ ለአገሩ የስንብት ዜማ ነፍቶላታል። ተርፎ ኒው ዮርክ ከደረሰ በኋላ ከመርከቧ ጋር ለሰጠመው መሣሪያው 50 ዶላር ካሣ ጠየቀ። ስለዚህ ፊልሙ በሦስተኛ ማዕረግ ሙዚቃ ነበረ ማለቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ፊልሙ ያልነገረን እነዚያ ጨፋሪዎች የመጡበትን መንደር ነው።

ዓይነ ስውሩ መምህርና ከሥራ የወጡት አስተማሪ

አሁን ዜማውን ማን ጠበቀው ወደሚለው እንመጣለን። በባሊዴዝመንድ አቅራቢያ ግሌንኮሊንስ በተባለ ሥፍራ ቶም ቢሊ መርፊ የሚባሉ ቫዮሊን መምህር ይኖሩ ነበር። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ እግራቸውም ደኅና አልነበረም። በአህያ እየሄዱ በየቤቱ ያስተምሩ ነበር። መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ ዜማው ሁሉ በራሳቸው ውስጥ ነበር። ያገራችንን የቅኔና የዜማ መምህራን ያየ ሰው፣ ዓይናቸው ሳያይ መጽሐፉን ሁሉ በቃላቸው የሚያወርዱ የኔታዎችን የሚያውቅ፣ ቶም ቢሊን ለመገመት አይቸገርም። የባሊዴዝመንድ አካባቢ ፖልካዎች ብዙዎቹ በእርሳቸው ተማሪዎች በኩል ለእኛ ዘመን ደርሰዋል።

ከእርሳቸው ይበልጥ ስማቸው የገነነው ፓድሪግ ኦኪፍ ናቸው። በ1887 ካስልአይላንድ ከተባለችው ከተማ ብዙ ሳይርቅ ግሎንታን በተባለ ሥፍራ ተወለዱ። አባታቸው የመንደሩ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበሩ። ኦኪፍም ደብሊን ሄደው በመምህርነት ሠልጥነው የአባታቸውን ቦታ ያዙ። ነገር ግን የመደበኛ ሥራ ሰዓትና የኦኪፍ ጠባይ አልተስማሙም፤ መጠጡም ነበረበት። በ1920 ከሥራ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜአቸው ፍጻሜ ድረስ በእግራቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ ቫዮሊንና አኮርዲዮን አስተማሩ። የሚከፈላቸው ትንሽ ነበር፤ ያም አብዛኛው በመጠጥ ቤት ይቀራል።

የኦኪፍ ብልሃት በጣም የሚያስደንቅ ነው። የገበሬው ልጅ የሙዚቃ ኖታ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ የራሳቸውን ጽሕፈት ፈጠሩ። የሙዚቃ መጻፊያው 5 መስመሮች በመካከላቸው 4 ክፍተት አላቸው፤ ቫዮሊንም 4 ክር አለው። ኦኪፍ እያንዳንዱን ክፍተት አንድ ክር አደረጉት። በክፍተቱ ውስጥ ዜሮ ከጻፉ ክሩን ሳትነካ ምታ ማለት ነው፤ 1 ከጻፉ በመጀመሪያው ጣት፣ 2 ከጻፉ በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለአኮርዲዮን ተማሪ ደግሞ የቁልፉን ቁጥር ጽፈው፣ መንፊያው ሲገፋና ሲሳብ የሚለይበት ምልክት ያደርጉበታል። ያገኙት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው ለተማሪው ትተውለት ይሄዳሉ፤ ለሚቀጥለው ጊዜ አጥንቶ ይጠብቃቸዋል። የመንደር ሰዎች እነዚህን ቁርጥራጮች እንደ ንብረት አስቀመጡአቸው። ስንት መቶ ዜማ የተረፈው በዚህ ዓይነት ነው። ኦኪፍ በ1963 የካቲት ወር አረፉ። የረባ ሀብት አልነበራቸውም። ዛሬ ግን በስካርታግሊን መንደር ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ በካስልአይላንድም በስማቸው የሚጠራ የሙዚቃ በዓል ይከበራል።

የተናቀችውና የተከለከለችው ዜማ

ፖልካ በዚህ ሁሉ ዘመን እንደ ልብ አልተጨፈረችም። መጀመሪያ የመጣባት ከወገን ነው። በ1893 የአየርላንድኛን ቋንቋ ለማዳን የተቋቋመው የጌሊክ ማኅበር ቋንቋውን ከሞት ለማትረፍ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ስለ ጭፈራ ሲመጣ የአራት ጥንዶቹን ጭፈራና ፖልካን «የባዕድ ናቸው» ብሎ ገፋቸው፤ በምትካቸው ንጹሕ የአገር ናቸው ያላቸውን ጭፈራዎች አስፋፋ። የገጠሩ ሰው ግን አባቱና እናቱ የጨፈሩትን ባዕድ ነው ሲሉት አልገባውም።

ሁለተኛው በሕግ መጣ። በ1935 ስለ ሕዝብ መጨፈሪያ አዳራሾች የወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ ሕዝብ ሰብስቦ ማስጨፈርን ከለከለ። ካህናቱም በየቤቱ የሚደረገውን የሌሊት ጭፈራ በመልካም ዓይን አያዩትም ነበርና ሕጉን ደግፈዋል። ሕጉ ስለ አዳራሽ ቢናገርም በብዙ ቦታ በገበሬው ወጥ ቤት የሚደረገውን ጭፈራ ለማስቆም ዋለ። የቤት ጭፈራ በቀዘቀዘበት ሁሉ ቫዮሊን መቺም ሥራ አጣ። ሽሊቭ ሉኽራ ሩቅና ረግረግ በመሆኗ እዚያ ልማዱ ከሌላው ቦታ ይልቅ ዘገየ፤ ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን ተጎድቷል።

በስደት የተጠበቀው

የቶም ቢሊና የኦኪፍ ተማሪዎች ብዙዎቹ ተሰደዱ። ከእነርሱ መካከል በጣም የታወቁት በግኒቭጊላ አቅራቢያ በሊሺን የተወለዱት ወንድምና እኅት፣ ዴኒስ መርፊና ጁልያ ክሊፈርድ ናቸው። ዴኒስ በ1910፣ ጁልያ በ1914 ተወለዱ። ዴኒስ ወደ ኒው ዮርክ እየተመላለሰ ሠርቶ በ1960ዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተመለሰ። ጁልያ ወደ ለንደን ሄዳ አኮርዲዮን መቺ አገባች፤ ከባሏና ከልጇ ጋር ሦስት ሆነው በስደተኛው አየርላንዳዊ መጨፈሪያ ቤቶች ይጫወቱ ነበር። ቀን ሲሠሩ የዋሉ ወንዶችና ሴቶች በሳምንቱ መጨረሻ መጥተው የአገራቸውን ፖልካ በለንደን ወለል ላይ ይረግጡ ነበር።

በ1952 ሼመስ ኤኒስ የተባለ የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ ለቢቢሲ ሬዲዮ ድምፅ ለመቅዳት ኬሪ መጥቶ መምህሩን ኦኪፍንና ሁለቱን ተማሪዎች አንድ ላይ ቀዳቸው። ይህ ቅጂ በ1977 በሸክላ ታተመ። ወንድምና እኅቱም በ1969 የራሳቸውን ሸክላ አወጡ። ዴኒስ በ1974፣ ጁልያ በ1997 አረፉ። ያ የ1952 ቅጂ የመምህሩ እጅ እንዴት እንደነበረ ዛሬ እንድናውቅ ረድቶናል።

በአገር ውስጥም የቀረ ሰው ነበር። አኮርዲዮን መቺው ጆኒ ኦሊሪ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኖክናግሪ መንደር በአንድ መጠጥ ቤት በሳምንቱ መጨረሻ ለጨፋሪዎች ይጫወት ነበር። ዴኒስ መርፊ እስኪሞት ድረስ አብረው ነበሩ፤ ከዚያም ኦሊሪ ብቻውን ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። በ1994 ዜማዎቹ በመጽሐፍ ታተሙ። በ2004 አረፈ። ከካንተርክ ከተማ የወጣው ጃኪ ዴሊ ደግሞ በ1977 የሽሊቭ ሉኽራን ዜማዎች በሸክላ አውጥቶ፣ ኋላም ከታወቁ የአየርላንድ የሙዚቃ ቡድኖች ጋር ሆኖ ፖልካን በየአገሩ አሰማ። እንዲህ ሆኖ «የባዕድ ናት»፣ «ቀላል ናት»፣ «የገጠር ናት» የተባለችው ዜማ ዛሬ በአሜሪካም በጃፓንም በአየርላንድ ስም ትመታለች።

ከዚህ ምን እንወስዳለን?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ ያተትነው አየርላንዳውያንን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ለማኅበራችን ይጠቅማል ብለን ስለምናስብ ነው።

አንደኛ፣ ጥንትነት ብቻውን ነገርን የራስ አያደርገውም። ፖልካ ከቦሄሚያ የመጣች እንግዳ ነበረች፤ ሦስት አራት ትውልድ ስለ ጨፈረባት፣ ስለ ተሸኘባትና ስላለቀሰባት የአገር ልጅ ሆነች። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ስዋሂሊ እየቀላቀሉ ሲዘፍኑና ክራሩን ከጊታር ጋር ሲያስማሙት ስናይ ቶሎ «ይህ የእኛ አይደለም» አንበል። የጌሊክ ማኅበር በቅን ልቡና እንዲህ ብሎ የገዛ ሕዝቡን ጭፈራ ሊያጠፋው ነበር።

ሁለተኛ፣ ያልተጻፈና ያልተቀዳ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ኦኪፍ ኖታ የማያነብ ተማሪ ሲገጥማቸው «ሰነፍ ነህ» አላሉትም፤ የሚችለውን ጽሕፈት ፈጠሩለት። በመካከላችን የሠርግ ዘፈን፣ የእንጉርጉሮ፣ የሕፃን እሹሩሩ፣ የመንዙማና የማኅሌት ዜማ የሚያውቁ አረጋውያን አሉ። ከየአውራጃው የመጡ ናቸውና አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቀውም። ባለፉት ዓመታት የቀበርናቸው ወላጆች ይዘውት የሄዱትን ማን መለሰልን? ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ሼመስ ኤኒስ በመኪና ጭኖ ይዞር ከነበረው መቅጃ ይበልጣል። የጎደለው መሣሪያው ሳይሆን ከእናታችን አጠገብ አንድ ሰዓት መቀመጡ ነው። ማኅበሩም አንድ ሁለት ወጣቶች መድቦ ይህን ሥራ ቢያስጀምር የምንችለውን ለማድረግ ዝግጁ ነን።

ሦስተኛ፣ ዜማ የሚኖረው ሥራ ሲኖረው ነው። የሽሊቭ ሉኽራ ፖልካ በመጽሐፍ ብቻ አልተረፈችም፤ በየሳምንቱ የሚጨፍርባት ሰው ስለነበረ ተረፈች። ለልጆቻችን እስክስታን በዓመት አንድ ጊዜ ለእንቁጣጣሽ ብቻ በመድረክ ላይ ካሳየናቸው ትርኢት ይሆንባቸዋል። በሠርጋችን፣ በክርስትናችን፣ በሰደቃችን፣ በምርቃታችንና ወደ ሌላ አገር የሚሄደውን ስንሸኝ አብረውን ከጨፈሩ ግን የራሳቸው ይሆናል። በተለይ ሽኝቱን አንርሳ። ከዚህ ከተማ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ የሸኘናቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ በዚያ ሌሊት ምን ተዘፍኖ እንደተሸኙ ግን ልጆቻቸው ሲያድጉ የሚነግራቸው ያስፈልጋል።

ዓይነ ስውሩ ቶም ቢሊ አህያቸውን ይዘው በጭቃ መንገድ ሲሄዱ የተሸከሙት ነገር እስከ ጃፓን ይደርሳል ብለው አላሰቡም። ያሰቡት በሚቀጥለው ቤት የሚጠብቃቸውን ልጅ ነበር። ለእኛም ይኸው ይበቃናል። ማኅበራችንን ለወርቅ ኢዮቤልዩ ያብቃልን፤ ልጆቻችንንም የሚያወርሱት ነገር ያላቸው ያድርግልን። መልካም በዓል።